የዶቅማ አፋፍ ዩኒቨርሲቲ

ዶቅማ አፋፍ፣ ከአዘና ወረድ ብሎ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለማስተዋል ዓባይነህ
ናይሮቢ

ልጄ፣ እንደምን ሰንብተሻል? የኛን ብትጠይቂ እናትሽ ደኅና ናት፣ ላሟ ወልዳለች፣ ድንቹም ዘንድሮ አላሳፈረንም። እኔም ደኅና ነኝ፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ይህችን ሁለት መስመር ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በር ድረስ ሄጃለሁ። እናትሽ «ምነው፣ ጉንዳን ላይ ነው የተቀመጥከው?» አለችኝ። ምን እንደሆንኩ ስለምታውቅ መልስ አልጠበቀችም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ንቄሽ አይደለም። ኔትወርክ የሚገኘው ያው አፋፉ ላይ ዶቅማው ዛፍ ሥር ነው። እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ አምስት ስድስት ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል፣ አንዱ የሚያወራውን ሌላው ይሰማል። እዚያ ቆሞ ምሥጢር ማውራት ገበያ መሐል ልብስ መቀየር ነው። ጓደኛሽ የምሥራች እናቷን ልትጠይቅ እንጅባራ መጥታለች አሉኝ፤ ወደ ናይሮቢ ስትመለስ ይህን ደብዳቤ ትይዝልኛለች ብዬ ነው የጀመርኩት።

ነገሩ ያ ዩኒቨርሲቲሽ ነው።

በፋሲካ መጥተሽ በኮምፒዩተር ያሳየሽኝን ጨዋታ አልረሳሁትም። ተጫዋቹ በትልቅ በር ይገባል፤ ከዚያ የጠፋውን የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም ፍለጋ ከአዳራሽ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መዝገብ ቤት ይዞራል። ግቢውን በኛ አፋፍ ላይ ነበር የተከልሽው። ዶቅማው አለ፣ የቀርከሃ አጥሬ አለ፣ ልጆች ፊደል ያስቆጠርኩባት ድንጋይ እንኳ ከነስንጥቋ አለች። ከበሩ በላይ «ዶቅማ አፋፍ ዩኒቨርሲቲ» ብለሽ በትልቁ ጽፈሻል። እኔ ያን ዕለት «ይህን ሁሉ ተማሪ ሰብስበሽ መጸዳጃ ቤቱ የታለ?» አልኩሽ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነበር። ቤት ሠርተሽ ነው? ሥዕል ሥለሽ ነው? ሦስት ዓመት የደከምሽበት ነገር ምን እንደሚባል አላወቅሁም።

ስትሄጂ ለእናትሽ ስልኳ ላይ ያቺን አጭር ቪዲዮ ጫንሽላት፤ አፋፉን ከላይ እያሳየች በበሩ የምትገባውን። ቪዲዮዋ ከእናትሽ ስልክ ወደ እኅቷ ልጅ፣ ከእሱ ወደ ጎረቤት እያለች እስከ ሰኔ ድረስ አገሩን አዳረሰችው። ጨዋታ ነው የሚል አንድ ቃል የለባትም።

በሰኔ መጨረሻ፣ ሰንበቴ ላይ፣ አበረ ስልኩን ከፍ አድርጎ ተነሣ። ድንች ነጋዴውን አበረን ታውቂዋለሽ፣ ድምፁ ለጨረታ የተፈጠረ ነው።

«መምህር፣ ይኼ የኛ አፋፍ አይደለም ወይ?» አለኝ።

«ነው» አልኩ።

«ማን ነው የሠራው?»

«ማስተዋል ናት።»

እስከዚህ ድረስ ውሸት የለበትም። ከዚያ አበረ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ይኸው! መሐንዲስ ናት ብለውን የለም? መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሊሠራልን ነው፣ ፕላኑን ያወጣችው የገዛ ልጃችን ናት!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄስ ገበየሁ ከአጠገባቸው ቦታ ለቀው «ና እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ።

መሐንዲስ ናት ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ይህን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። ለትምህርትሽ ስል ፈረሴን እንደሸጥኩ አገር ያውቃል። በጥር ለፈረሰኞች በዓል ፈረሰኛው ሲወጣ እኔ ዳር ቆሜ ከሕፃናት ጋር ስመለከት፣ የሚያልፈው ሁሉ ከፈረሱ ላይ ሆኖ «ልጅህ ምን ሆነችልህ?» ይለኛል። ጨዋታ ትሠራለች ልበል? አንድ ዓመት ዋጥኩት፣ ሁለት ዓመት ዋጥኩት፣ በሦስተኛው «መሐንዲስ» የምትለዋ ቃል አመለጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ የለም።

ስለዚህ ሰንበቴው ላይ አፌን ያልከፈትኩት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የቄስ ገበየሁ ጎን ሞቀኝ። በሳምንቱ ሳልፍ ሰው ይነሣልኝ ጀመር። አበረ ጭራሽ የድንች ማሳውን ጥሎ፣ ለተማሪ የሚከራይ ቤት ብሎ መሠረት ቆፍሯል። እሱስ ይሁን፣ ስግብግብ ነው፤ ጉድጓዱን መልሶ ይሞላዋል። እናትሽ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አላስቀመጠችኝም።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችኝ።

«እኔ ምን ተናገርኩ?» አልኳት።

«እሱን ነው የምልህ። ዝምታም ወለምታ አለው።»

እንቅልፍ የነሣኝ የሸጋ ነገር ነው። የጎረቤታችን የየሻረግ ልጅ ሸጋ አንቺ ናይሮቢ ስትሄጂ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አባቷ ካረፈ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ዘንድሮ ከቀበሌያችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያለፈች እሷ ብቻ ናት። አንድ ልጅ! ምደባዋ ወላይታ ሶዶ ወጣ። የሻረግ ግን «ዩኒቨርሲቲ ደጄ ላይ እየተሠራልኝ ልጄን መንገዱን ወደማላውቀው አገር አልሰድም፤ ዓመት ጠብቃ እዚሁ ትገባለች» ብላ እምቢ አለች። መንገዱ የሚያስፈራ መሆኑ እውነት ነው፣ አልፈርድባትም። ነገር ግን ዘንድሮ ያልተመዘገበ ምደባው ይሰረዛል፣ ከርሞ የሚጠብቃት ቦታ የለም።

የሻረግ ይህን ከመወሰኗ በፊት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። በመስከረም መጨረሻ፣ እዚችው በር ላይ ቆማ፣ እንደ ሁልጊዜው በአገራችን ቋንቋ በአውኚ፣ «መምህር፣ እርስዎ ምን ይሉኛል?» አለችኝ። ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ያልኳት «እናት ያለችው ይሁን» ነው። መርቃኝ ሄደች።

ትናንት በሚካኤል ንግሥ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ፀጋው ታቦቱ ሲገባ ጠጋ ብሎ «የሶዶ ምዝገባ ሐሙስና ዓርብ ነው፤ የየሻረግን ልጅ እባክዎ ይምከሩልኝ፣ እርስዎን ይሰማሉ» አለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፋፉ ላይ እወጣለሁ፣ ስልኬን አወጣለሁ፣ መልሼ እከታለሁ፣ እወርዳለሁ። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ።

የምለምንሽ ይህ ነው። አንዲት ወረቀት ጻፊልኝ። ከላይ የመሥሪያ ቤት ስም ያለው፣ ከታች ማኅተም ያረፈበት ይሁን። «የዶቅማ አፋፍ ዩኒቨርሲቲ ግንባታ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ ስለሆነ» ብለሽ ጀምሪና የቀረውን እንደ ቢሮ ደብዳቤ አድርጊው። ማኅተም ማበጀት ላንቺ አይከብድም፤ በጨዋታሽ ውስጥ የጠፋውን የሠራሽው ራስሽ ነሽ። እኔ ሰንበቴው ላይ ቆሜ አነብላቸዋለሁ። እነሱም «መንግሥት መቼ ታምኖ ያውቃል» ብለው ይራገማሉ፣ የሻረግም ልጇን ትሰዳለች፣ እኔም ከቄስ ገበየሁ ጎን አልነሣም።

እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ቀኑን ቆጠርኩ። የምሥራች የምትመለሰው የዛሬ ሳምንት ነው። ደብዳቤው እጅሽ ሲገባ ምዝገባው ያልቃል። ይህን ስጀምርም አውቀው ነበር መሰለኝ። አንድ ነገር እየሠራሁ ነው ለማለት ያህል ብቻ ነው ወረቀት ያበላሸሁት። ሽማግሌ ራሱን ሲያታልል ማየት እንዴት ያስጠላል!

ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ እሱ ነው አሁን የሚገርፈኝ። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ያስቀመጥሽው ሽማግሌ፣ ሹራብ ኮፍያ ያደረገው፣ ብዕሩን ሳይጽፍበት በፊት ወደ ብርሃን አንሥቶ የሚያየው፣ እኔ መሆኔን እናትሽ ወዲያው ነው ያወቀችው። «እሳቸው ሥራቸው ምንድን ነው?» ስልሽ ምን አልሽኝ? «አባዬ፣ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንዳንዴ ይዋሻል። ተጫዋቹ መንገዱ ሲጠፋበት መጥቶ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። እሳቸው አይዋሹም።» እንዲህ ነው ያልሽኝ። አንቺ ስትነግሪኝ ፈገግ ብያለሁ። አሁን ሳስበው ግን ፊቴን የምደብቅበት ጠፋኝ።

ነገ ሰንበቴ አለ። ልተኛ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ከሰዓት በኋላ

ነገርኳቸው።

ነገ ጾም ስለሚገባ ሰዉ ዛሬ ከወትሮው በዝቶ ነበር። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ተነሣሁ፤ ከተቆረሰ በኋላ ብዬ ብጠብቅ ኖሮ መልሼ እንደምቀመጥ ራሴን አውቀዋለሁ። አርባ ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ያስተማርኩ ሰው፣ የምለውን ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋረጥኩ።

«አፋፋችን ላይ የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ የለም» አልኩ። «ያያችሁት ጨዋታ ነው። ልጄ መሐንዲስ አይደለችም፤ ሰው በኮምፒዩተርና በስልክ የሚጫወተውን ጨዋታ ትሠራለች። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር።»

አበረ «ጨዋታ ደግሞ ይሠራል እንዴ? ጨዋታ ይጫወቱታል እንጂ!» አለ።

«ይሠራል» አልኩት። «ተወልደህ ያደግክበትን አፋፍ፣ ዐይንህ እያየ እውነት ነው ብለህ መሠረት እስክትቆፍር ድረስ አድርጋ ሠርታዋለች። እስቲ እንዲህ አድርጎ የሠራ መሐንዲስ ጥራልኝ።»

እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፣ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አጉረመረመ። አበረ ምናምን እያለ ሰደበኝ፣ ይገባኛል። እኔ ግን ያን ጊዜ፣ እዚያ ውርደት መሐል ቆሜ፣ በአንቺ ኮራሁ። ጊዜው አልነበረም፣ ግን ኮራሁ።

የሻረግ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። አልጮኸችም። «ታዲያ እኔ በርዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅዎ?» አለች።

አንገቴን ደፋሁ። ነጠላዋን አስተካክላ ድርሻዋን ሳትወስድ ወጣች። ቄስ ገበየሁ «ዓባይነህ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ አታልቅስ፣ ተከተላት» አሉኝ። ተከተልኳት። በሯ ላይ ቆሜ «ልጅቷን እኔ ራሴ ሶዶ ድረስ አደርሳታለሁ፤ ነገ ስንቅ ይሰናዳ፣ ማክሰኞ እንነሣ» አልኩ። በሩን አልዘጋችብኝም።

ወደ ቤት ስመለስ ሸጋ አጥሩ ጋ ደረሰችብኝ። እግሬ ሥር ልትንበረከክ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ተቆጥታ ነበር የመጣችው። ጥሩ ልጅ ናት፣ ቁጣዋ ዐይኗ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ጨዋታ መሆኑን አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኔ። እንጅባራ ፈተና ልንፈተን ስንሄድ አንድ ልጅ ስልኩ ላይ አሳየኝ። በበሩ ገብቻለሁ፤ ማኅተሙንም አግኝቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ለእናትሽ ሳትነግሪያት ቀረሽ?»

«ነገርኳት!» አለች። «በዚያው ሳምንት ነገርኳት። እማ፣ ጨዋታ ነው፣ ውሸት ነው አልኳት። ‹መምህር ዓባይነህ አዎ ብለው የተቀመጡበትን አንቺ ከየት አምጥተሽ ነው ውሸት የምትይው› ብላ ተቆጣችኝ። ፊደል ያስቆጠሩሽን ሰውዬ ልታዋርጂ ነው ወይ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት።»

ልጄ፣ ይህን ሰምቼ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። እስከ ዛሬ ሳወጣና ሳወርድ ራሴን የማጽናናው «ማንም ስላልነገራቸው ነው» እያልኩ ነበር። ለካስ ልጅቷ ነግራቸዋለች። እውነቷን ያፈንኳት እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ሳልናገር፣ ቄስ አጠገብ ተቀምጬ።

«ይቅር በዪኝ» አልኳት። ለተማሪዬ ይቅር በዪኝ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

«ሐሙስ እንደርሳለን?» አለችኝ። ይቅርታውንም አልተቀበለችም፣ አልመለሰችውም። ልጅ ነች፣ የቸኮለችው ለሐሙስ ነው።

«ሐሙስ ባንደርስ ዓርብ እንደርሳለን» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ እንጅባራ መናኸሪያ

የምጽፈው አውቶቡሱ እስኪሞላ ነው። ብርድ ነው፣ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ሾፌሩ «አሁን እንወጣለን» ካለ አንድ ሰዓት ሆነው፤ አንዴ ወርጄ ጠይቄዋለሁ፣ ሁለተኛ ስጠይቀው «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ እኔን ደግሞ አዞሩኝ» አለኝ። ዛሬ ከአዲስ አበባ በፊት የት እንደምናድር አላውቅም። ነገ አዲስ አበባ ከገባን ሐሙስ ወደ ሶዶ እንሳፈራለን፣ ዓርብ ጠዋት መዝገብ ቤታቸው በር ላይ እንቆማለን። ዘግይታችኋል ካሉን ጥፋቱ የኔ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ለዚህ እንኳን ተለማምጃለሁ።

እናትሽ አልከለከለችኝም። «መንገዱ ያስፈራል» ስላት «ካንተ ዝምታ አይብስም» ብላ ጋቢዬን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ በደስታ ስትሰድበኝ ሰንብታለች።

የየሻረግን ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ልጇን ይዛ መንገዱ ድረስ መጣች። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስንቅ ስታዘጋጅ ውላለች፤ የበሶው ማዳበሪያ ለሁለት ሰው ሸክም ነው። አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፣ የአባቷን ፎቶ በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ እንግዲህ እየጠበቅሁ ነበር። ልጅ በሰው እጅ ሲሰጥ የሚባለውን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ያቺን አንዲት ቃል። ልትለኝ ነው ብዬ ሁለት እጄን ዘርግቼ ነበር።

ዕድሜ ልኳን ከእኔ ጋር በአውኚ የምታወራ ሴት፣ እንደ ቢሮ ሰው በአማርኛ፣ «አደራ አልልዎትም» አለችኝ።

ይህን ብቻ ብላ ዞረች፤ ጭጋጉም ወዲያው ዋጣት። ሸጋ እናቷ ያለችውን ሰምታለች፣ ወደ እኔ ግን አላየችም፤ ማዳበሪያውን በአንድ ጆሮው ያዘችና በሌላው እንድይዝላት ጠበቀችኝ። ያዝኩላት።

እዚህ እንድታገኘኝ ያስነገርኳት የምሥራች አሁን መጥታ መስኮቱን እያንኳኳች ነው፤ ደብዳቤውን ልሰጣት ነው። ያንን ወረቀት አትጻፊው። የሠራሽውን ሥራ ማንም ቢጠይቅሽ ስሙን ጠርተሽ ንገሪው፣ እኔም ከእንግዲህ እንደዚያው ነኝ። የደከምሽበትን ሚካኤል ይባርክልሽ፣ በሰው አገር ከክፉ ዐይን ይሰውርሽ፣ ለእኛም በደኅና ያሳየን።

የሻረግ አደራ አላለችኝም፤ እኔ ግን፣ ልጄ፣ ሳትለኝም ተቀብያለሁ።

አባትሽ
ዓባይነህ